ከወፍ የሸሸው ሰው

ቤቱን የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። ይርዳው፣ «ወንድሜ ከሞተበት ቤት ለቅቄ ልሂድ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ያደገው አባቱ ባቆመው ሰፊ የሣር ክዳን ቤት ነው። ሦስት ወንድማማቾች በአንድ መደብ ላይ በአንድ ጋቢ ሥር ተኝተው ዝናቡ ሣሩ ላይ ሲወርድ ያዳምጣሉ። ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ሲወጡ ልጆቹ ደጅ ቆመው እያጨበጨቡ ይሸኟቸዋል።

ሰውየው ካደገ በኋላ ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀው የበዓል ዋዜማን ነበር። አባትየው በርጩማ ደጅ ወዳለው ዛፍ ጥላ ያወጣል፣ ምላጩን ቆዳ ላይ እየፈተገ ይስላል፣ ልጆቹን በዕድሜ ተራ እየጠራ ይላጫቸዋል። ምላጩ ጫር አድርጎት አንዱ «ዋይ!» ሲል ሌሎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። «ሳቅ ሳቅ፣ ተረኛው አንተ ነህ» ይላል አባት። ታናሹ እሱ ነበርና መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰፊ መዳፍ በውኃ የራሰ ጭንቅላቱን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው የሚሰማው ደስታ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላም ከውስጡ አልወጣም።

አባት ሞተ። ከዓመታት በኋላ የታላቅየው ዓይን ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ጉበቱ አልቋል ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው» አለ። ጣሪያውን በጭስ አጠኑት። ነገር ግን መካከለኛውም በዚያው መንገድ ሄደ። ያኔ ታናሹ በሩን ዘጋና ሚስቱን ይዞ ከወንዙ ማዶ ተሻገረ። የቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ወፍ ሊሾልክበት የሚችለውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መረገው። ከአባቱ ቤት ለማስታወሻ ያመጣው ምላጩን ብቻ ነው። በበዓል ዋዜማ ራሱን ይላጭበታል፤ ቀጥሎ በዚያው ምላጭ ትንሿን ልጁን እጭኑ መካከል አስቀምጦ ጋሜ ያወጣላታል።

ልጅቱ አደገች፣ አገባች፣ አረገዘች። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደሟ ውስጥ የጉበት በሽታ ቫይረስ ተገኘ። እናቷም ተመረመረች፤ እሷ ነፃ ሆነች። ነርሷ አባትየውን አስጠራችው።

«ስህተት ነው» አላት። «የኔን ወንድሞች የጨረሰው ወፍ ነው። እሷ እዚያ ቤት አንድ ቀን አድራ አታውቅም። የተወለደችው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ወፍ በየት በኩል ገብቶ?»

«በወፍ አይደለም አባባ፣ በደም ነው የሚተላለፈው፤ በወሊድ ከእናትም ይተላለፋል፣ እናቷ ግን ነፃ ናቸው። እናንተ ቤት በአንድ ምላጭ ትላጩ ነበር?»

 የዛፉ ጥላ መጣበት፤ በርጩማው፣ የወንድሞቹ ሳቅ፣ ያ መዳፍ። ከዚያ የልጁ ትንሽ ጭንቅላት።

«ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለች ነርሷ ፊቱን አይታ። «የእርስዎን ደም ግን ማየት አለብን።»

ብድግ አለ። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አርሼ ነው የመጣሁት።»

የተነሳው ግን ስለፈራ ነው። ወንድሞቹ ሕመማቸው ከተነገራቸው በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቶሎ የገደላቸው ወሬውን መስማታቸው ይመስለው ነበር።

አብራው የነበረችው ልጁ ሳቀችበት። «መርፌ ፈርቶ እኮ ነው! እሾህ በወጋኝ ቁጥር ‹አታልቅሺ› ሲለኝ የኖረ ሰው!» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «አባዬ፣ አጎቶቼ ሐኪም ቤት የሄዱት መቼ ነው?»

«ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ነዋ።»

«ያንተስ ዓይን?»

«የኔማ ምን ሆነ?»

«እንግዲያው ቢጫ ሳይሆን ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ጣቱንም ዘረጋ።

ቫይረሱ እሱም ላይ ተገኘ። ሆስፒታል ሲታይ ጉበቱ በጠባሳ መድረቅ ጀምሮ ነበርና በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጠው፤ በየስድስት ወሩም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ተነገረው። ኪኒኑ ቫይረሱን ያደክማል እንጂ ጠራርጎ አያወጣም፤ ስለዚህ ምርመራውን አላቋረጠም። ከጊዜ በኋላ በአንደኛው ምርመራ ጉበቱ ላይ ባቄላ የምታህል እጢ ታየች። ካንሰር ነበረች። ገና ባቄላ ስለነበረች ቆርጠው አወጧት። የልጁ ሕፃንም ቀደም ብሎ፣ በተወለደበት ዕለት ተከትቦ ነበር።

ሰውየው ሲያገግም ወንዙን ተሻግሮ የድሮውን ቤት ሊያይ ሄደ። ጣሪያው ወድቋል፣ መደቡ ላይ አረም በቅሏል። አባቱን አልወቀሰም፤ አባትየው የሚያውቀው ልጆቹ ለበዓል እንዲያምሩለት ብቻ ነበር። ያዘነው ለቤቱ ነው። ያን ሁሉ ክረምት ሊኖርበት የሚችል ቤት ነበር፤ ወፎቹም ምንም አላደረጉትም።

ይርዳው ልጄ፣ አንተም ያንን ሰው መሆንህ ነው። ጉበቱ አልቆ የሞተ ወንድምህን ቀብረህ ስትመለስ በቤቱ ላይ ፈረድህ። አንተና ወንድምህ ከአንድ እናት ተወልዳችሁ በአንድ ምላጭ ተላጭታችሁ አድጋችኋል። በሽታው ደምህ ውስጥ ካለ፣ ወንዝ ስትሻገር አብሮህ ይሻገራል፤ ከሌለም ግድግዳው አይሰጥህም። መኖር አለመኖሩን ሊነግርህ የሚችለው ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም። ከሌለብህ ይከትቡሃል፤ ካለብህ ይከታተሉሃል። «ግን እኮ ምንም አላመመኝም» ብለኸኛል። ዓይንህን አይቼዋለሁ፤ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ነገ ሂድ የምልህ ለዚሁ ነው።