ጅብን ለቅሶ የላከው አንበሳ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ አገሩን የረሳ በመሰለበት ዘመን፣ አንበሳ እንስሳትን ሰብስቦ ትልቅ ኩሬ ያስቆፍር ነበር። ከርከሮ ይቆፍራል፣ አህያ አፈሩን ተሸክማ ታወጣለች፣ ቀበሮ ከአንበሳ ጎን ቆማ ምክር ትሰጣለች። ጅብም ይሠራል ይባላል፤ ሲሠራ ያየው ግን የለም።

አንበሳ ሥራ ያውቃል፤ ጉልበትም አለው። ሰው መቅረብ ግን አልሆነለትም። ሠራተኞቹ በዕረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲሳሳቁ ከሩቅ ይሰማና ልቡ ወደዚያ ይሄዳል፤ ጠጋ ሲል ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ጸጥ የማትለው አህያ ብቻ ነበረች። «ጌታዬ፣ ያ እሾህ የወጋዎት እግር እንዴት ሆነ?» ትለዋለች። እሱም ስለ እግሩ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ እርጅናው ያወራላታል። ስለ እሷ ግን ጠይቋት አያውቅም፤ የሚጠየቅ ነገር ያላት አልመሰለውም።

አንድ ማለዳ አህያ ከሥራ ቀረች። ውርንጭላዋን በሽታ ገድሎባት ነበር።

አንበሳ ክፉኛ ደነገጠ። «ለቅሶ መድረስ አለብኝ» አለ።

«እርስዎ ከሄዱማ ሥራውን ማን ያሠራል?» አለች ቀበሮ። አህያ የአንበሳን ጆሮ ማግኘቷ ድሮም ያንገበግባት ነበር። «ወኪል ይላኩ። አያ ጅቦ ይሂድ፤ እሱ ሲያለቅስ አገር ይሰማል።»

አንበሳን ውስጡ እሺ አላለውም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ምን እንደሚናገር አያውቅም፤ መፍራቱን ደግሞ ማንም እንዲያውቅበት አልፈለገም። «ይሁን፣ ጅብ ይሂድ» አለ። ባዶ እጁንም አልላከውም፤ ራሱ ከሚወደው፣ አንድ ሙሉ የጎሽ ጭን አሸከመው። አህያ ሥጋ እንደማትበላ ትዝም አላለው።

ጅብ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ነፍቶ እያገሳ ተመለሰ።

«እንዴት ነበር?» አለ አንበሳ።

«ደህና ነበር ጌታዬ። ሥጋውን መንገድ ላይ ትንሽ ቀመስ ባደርገው አለቀ። ስደርስ አለቀስኩ፤ ‹እግዜር ያጥናሽ እመት አህዪት› አልኳት። ከዚያ እንደ ዘመድ ‹ለመሆኑ የት ቀበራችሁት?› ብዬ ብጠይቅ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ ብሎ ሮጠ። የሚያስቸኩል ነገር ገጥሟቸው መሰለኝ።»

አንበሳ ዓይኑን ጨፈነ። ገና አሁን ገባው፤ ለአህያ ልጅ ለቅሶ ጅብ ልኳል። ወደ አህያ ሰፈር ሮጠ። ደጇ ባዶ ነበር። ኮቴዋን ተከትሎ ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ አህያ ከዘመዶቿ ጋር ተሻግራ ማዶ ላይ ቆማ አያት።

ወንዙ በድርቁ ቀጥኗል፤ በአንድ ዝላይ ይሻገረው ነበር። ነገር ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ቢል መንጋው በሙሉ እንደሚፈረጥጥ አወቀ። ስለዚህ እዚያው ካለበት ቁጭ አለ።

«እመት አህዪት፣ እባክሽ ተመለሺ። ጭነትሽን አቀልልሻለሁ። ኩሬው ሲሞላም መጀመሪያ የምትጠጪው አንቺ ነሽ።»

«ጭነቱ መቼ ከበደኝ ጌታዬ?» አለች አህያ። «ጀርባዬ ለምዶታል። እኔን የጎዳኝ መንገድ መንገዱን ማየቴ ነው። አቧራ በተነሣ ቁጥር ‹ይኸው መጡ› እል ነበር። ዘመዶቼ ‹እንሂድ› ሲሉኝ ‹አለቃዬ ሳይመጡ አይቀሩም፣ ትንሽ ቆዩ› አልኳቸው። የመጣው ጅብ ነው።»

አንበሳ በቀስታ፣ «ልጅሽ… ወንድ ነበር ሴት?» አለ።

የአህያ ዓይን እንባ ሞላ። «ሴት ነበረች። እርስዎን አትፈራም ነበር።»

ከዚያ ፊቷን አዞረችና ዘመዶቿን ተከትላ ሄደች። አንበሳ ስሟን እየጠራ ለመናት፤ አልዞረችም። ገና ከዓይኑ ሳትሰወር ናፍቆቷ አንጀቱን በላው።

ይሄኔ ቀበሮ እያለከለከች ደረሰች። «ይተዉት ጌታዬ! አህያ ሞልቷል። ነገ ከሷ የበለጠ የምትሸከም እናመጣለን።»

«አፈሩን የሚሸከም አይጠፋም» አለ አንበሳ፣ ዓይኑን ከማዶው ሳይነቅል። «እኔን የናፈቀችኝ እሷ ናት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኞቹ ሲያዝኑ በሰው እግር ሊደርስላቸው የሚሞክር አለቃ፣ ኋላ በገዛ እግሩ ሮጦ ቢሄድ የሚያገኘው ባዶ ደጅ መሆኑን ነው።