አባ ቱርቦ ጉርሻ እምቢ ያለ ቀን

አዳማ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ባጃጁን ጥሎ ወደ ጥብስ ቤት ሲንደረደር ካዩት የሚወረውሩበት አንድ አባባል አለች። የሚወረውራት ሁሉ ከየት እንደመጣች አያውቅም። አንዱ «የጥንት ሰው ተረት ነው» ይላል፣ ሌላው «ሬድዮ ላይ ሰማኋት» ይላል። ውሸታም ሁላ! አባባሏ ስትወለድ እኔ ጋቢና ቁጭ ብዬ ነበር። እና ዝም በሉና ስሙኝ።

ጋሽ ሽመክት የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ነው። ዱቄት ውስጥ ስለሚውል ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ ማታ ድንገት ያየው ሰው ያማትባል። መኪናው ግን ጥቁር ናት፣ አንዲት ብናኝ አርፋባት አታውቅም። ሊነዳት ሲል ይታጠባል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ጫማውን ያራግፋል። ቤተክርስቲያን ሲሄድ እንኳን እንደዚህ አይጠነቀቅም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መኪናዋ አራት በር ያላት የቤት መኪና ናት። ከውጪ ስታያት ዝም ያለች፣ ጨዋ፣ የሂሳብ ሹም ነው የምትመስለው። ውስጧ ግን ቱርቦ አለ። ነዳጅ ስትረግጥባት ታፏጭና ጀርባህን ከወንበሩ ጋር ትሰፋዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች፣ እኔ ሳልወለድ ነው የመጣችው። በዛ ሁሉ ዘመን እኔ ስንቴ ታምሜ ተኝቻለሁ፣ እሷ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። በሯን ጠበቅ አድርገህ ከዘጋህ «የፍሪጅ በር መሰለህ?» ይልሃል። ሚስቱ እትዬ አስካለ «ጣውንቴ ናት፣ ያውም ቀድማኝ የገባች» ትላለች። ዘይት የሚቀየርላት ቀን የሚስቱን ልደት ያስረሳዋል።

ድሮ ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር አሉ፣ አባ እንትና እየተባሉ። ጋሽ ሽመክትንም ሰፈሩ አባ ቱርቦ ይለዋል። ሲጠሩት የተቆጣ ይመስላል እንጂ ደረቱ አንድ ክንድ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ጓደኛዬ አቤኒ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ህሊና የአሰላ ልጅ ናት። የአቤኒ አባት የጋሽ ሽመክት የልብ ወዳጅ ነበር፤ ሊሞት ሲል አልጋው ላይ ሆኖ «ሽመክት፣ እኔ ለልጄ ሰርግ አልደርስም። ምራቴን በመኪናህ አንተ አምጣልኝ» አለው። ጋሽ ሽመክት እጁን ይዞ ማለለት። ይህን መሐላ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

የሰርጉ ጠዋት የጥቁሯን መኪና ኮፈን በአበባ ስናስጌጥ የአቤኒ የአክስት ልጅ ዳግም ከአዲስ አበባ ከች አለ። የሱም ቱርቦ ናት፣ ቀይ፣ ከገዛት ገና ሦስት ወሩ። ወሬው ግን ከመኪናዋ ይፈጥናል።

«ይቺን አሮጊት ነው በአበባ የምታስጌጡት?» አለና ጎማዋን በጫማው ነካ አደረገ። «ሙሽራ ልናመጣባት ነው ወይስ ጡረታ ልናወጣት?»

«እግርህን አንሳ» አለው ጋሽ ሽመክት። «አንተ ጥርስ ሳታወጣ እሷ ሐረር ደርሳ ተመልሳለች።»

«ጋሼ ሙት፣ የኔ እኮ ትሮጣለች!»

«መሮጥማ ዶሮም ትሮጣለች። ሃያ ዓመት ሮጠህ ና፣ ከዛ እናወራለን።»

እኔ ደግሞ ጸብ ሲሞቅ እጄን አጣጥፌ ማየት አይሆንልኝም። «እንደው ግን» አልኩ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ «አሰላ ማን ይቀድም ይሆን?»

አለቀ። ዳግም ብድግ አለ። «የሙሽራዋ በር ቀድሞ የደረሰ ሙሽራዋን ይጫን!»

«ይሁን» አለ ጋሽ ሽመክት።

የአቤኒ እናት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ሽመክት! የማልክበትን ነገር በውርርድ ታስይዛለህ?»

«እሷ አሳፍራኝ አታውቅም» አለ፣ መኪናዋን በፎጣ እያበሰ። ኩራት እንዲህ ነው፣ ሽማግሌውንም ልጅ ያደርገዋል። አቤኒ ምስኪኑ ከሁለቱም ላለመጣላት ብሎ በሱፉ፣ በአበባው፣ ከሌሎቹ ሚዜዎች ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገባ። እኔ አባ ቱርቦ ጎን ተሰየምኩ።

ተነሳን። ዳግም ክላክስ እያንባረቀ ከፊታችን ጠፋ። ዴራ ስንደርስ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱን ከብት ሞልቶታል። ዳግም በጡሩምባ በትኗቸው አልፏል። ጋሽ ሽመክት ግን ቆመ። ጥጃ አለፈ፣ በግ አለፈ፣ አንድ አህያ መሀል መንገድ ቆሞ ትክ ብሎ አየን።

«ጋሼ፣ ንካው እንጂ!»

«ሙሽራ ልናመጣ ነው የወጣነው፣ ገበሬ ልናስለቅስ አይደለም።»

ኢተያን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ግን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? ነዳጁን ረገጠ። አሮጊቷ አፏጨች! ሆዴ ኋላ ወንበር ላይ የቀረ መሰለኝ። ሌሎች መኪኖች ዳገቱ ላይ ሲያቃስቱ እሷ የተጠራች ይመስል ሽቅብ ወጣች። ሁለት አይሱዙ በአንድ እስትንፋስ ቀደምን። መስኮቱን ከፍቼ ለሾፌሮቹ እጄን አውለበለብኩ፤ አንዱ የሰደበኝ ስድብ ሰርግ ላይ አይነገርም። ቀይዋን አሰላ መግቢያ ላይ ደረስንባት፣ ጭራዋን ያዝን። ግን የሙሽራዋ ቤት ቅርብ ሆነና ዳግም በአንድ መኪና ቁመት ቀድሞን በሩ ላይ ቆመ።

ተሸነፍን። ጋሽ ሽመክት ፊቱ ወፍጮ ቤት ያለ መሰለ፣ ነጭ ሆነ። ለሟች የማለው መሐላ ዓይኑ እያየ ሄደበት።

ዳግም ቁልፉን ነቅሎ፣ በሯን በርግዶ ዘሎ ወረደ። በሩን ዘግተው ሲዘፍኑ የነበሩ ልጃገረዶች ሙሽራው መስሏቸው እልል አሉ፣ እሱም አላረማቸውም። ቀጥ ብሎ ገባና ሙሽራው እንኳን ሳይደርስ ሰሃን አነሳ!

የኛው ሰውዬ ግን አልወረደም። ሞተሩን አላጠፋም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ። እኔ ይህን አመሉን አውቀዋለሁ፤ ሩጫ ከሮጠ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ቢቃጠልም መኪናዋ ሳትረጋጋ አይወርድም። አሰላዎች ግን ከየት ይወቁት? እሱ በሙሽራው አባት ቦታ ነው የመጣው፣ ቀድሞ መግባት ያለበት እሱ ነው። የህሊና ዘመዶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መኪናዋ ድድድድ ትላለች።

«ምን ሆኖ ነው? ንቆን ነው?» አለ አንዱ።

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው፣ በናትህ እንውረድ» አልኩት፣ አንገቴን ኮቴ ውስጥ እየቀበርኩ።

«ትተንፍስ።»

«ተሸንፈን ደግሞ!»

«የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ምን አደረገች?»

ይሄኔ የህሊና አክስት እትዬ ብዙነሽ ዶሮ ከነእንቁላሉ የጠቀለለችበትን ትልቅ ጉርሻ ይዛ መጥታ በመስኮት ዘረጋች። «እንኳን ደህና መጡ፣ በሞቴ!»

ጋሽ ሽመክት አንገቱን ዝቅ አደረገ። «ቆይ እናቴ፣ መጀመሪያ እሷ ትተንፍስ።»

«ማን ናት እሷ?»

«መኪናዬ።»

በሞቴ የተባለ ጉርሻ! እጇ አየር ላይ ቀረ። ወጡ በክርኗ ወረደ። እትዬ ብዙነሽ ጉርሻውን ለኔ አፍ ሞጅራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ሄደች። እኔ እንኳን አልከፋኝም። በር ላይ ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡት የህሊና አያት፣ አባባ ጉርሙ፣ ከእግር እስከ ራስ አዩን።

ጋሽ ሽመክት አንድ ሲጋራ ተጭሶ እስኪያልቅ ያህል ቆይቶ ሞተሩን አጠፋ፣ ገባን። አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሳልንም። ዳግም ጉንጩን ሞልቶ «አባ ቱርቦ! አሮጊቷን አስተኝተህ መጣህ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሚኒባሱ ደረሰ፣ አቤኒ ገባ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ህሊና በነጭ ቀሚሷ ወጣች። ቀይዋ መኪና በር ላይ ተከፍታ ትጠብቃለች። ዳግም ካሜራውን እያየ ገባና ቁልፉን አዞረ።

መጀመሪያ ጩኸት መጣ፣ የተቀደደ ነገር ዓይነት። ቀጥሎ ጭስ! ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተትጎልጉሎ ቪዲዮ አንሺው ጠፋ፣ ሳሉ ብቻ ይሰማል። ህሊና ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ግቢ ሸሸች። ዳግም ደግሞ ሞከረ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም።

ጋሽ ሽመክት ተጠግቶ አሸተተ። «ቱርቦዋ ነው።»

«ዛሬ አንድ ቀን ብሮጥባት?» አለ ዳግም፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ዛሬ ብቻ ነው? ሦስት ወር ሙሉ እየሮጥክ እንደደረስክ ቁልፍ ትነቅላለህ አይደል?»

ዳግም ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወረደ።

ጋሽ ሽመክት ጥቁሯን አስነሳት። ገና ቁልፉን ሲነካው ነው የተነሳችው፣ እንደ ድመት እያንኮራፋች። ከኮፈኗ ላይ አንድ አበባ አልወደቀም። አቤኒ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሙሽራዋን ራሱ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዳግም ሚኒባስ ውስጥ ከከበሮው ጎን ተሰካ። እኔ? እኔ እንደነዳኋት ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ጋቢና ገባሁ።

ልንንቀሳቀስ ስንል እትዬ ብዙነሽ መኪናዋ ፊት ቆመች። «ጉርሻዬን የመለሰ ሰው ልጃችንን አይወስዳትም!»

አባባ ጉርሙ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። «ልጄ፣ ቅድም ምን ሆነህ ነው?»

«አባቴ፣ ዳገቱን ሮጣ ነው የመጣችው። ቱርቦዋ ያኔ ፍም ነው፣ የሚያበርደው ዘይት ነው። ወዲያው ባጠፋት ዘይቱ ቆሞ እላዩ ላይ ያርራል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ አድርጌባት አላውቅም። እናንተን ንቄ አይደለም።»

ሽማግሌው ሳቁ፣ ጥርስ የሌለው ትልቅ ሳቅ። «እኔ በፈረስ ነው ያደግኩት። ሰርግ ቤት ጋልበን ስንደርስ፣ ድግሱ እየሸተተን፣ ፈረሱን ላቡ እስኪደርቅ እየሳብን እናዞረው ነበር። እሱን ትቶ ሞሰብ ላይ የተጣደ ሰው አገሩ የሚገባው በእግሩ ነው» አሉና ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞሩ። «በይ ሌላ ጠቅልለሽ አምጪለት፣ አትቀየሚው ልጄ፤ ፈረሱ ሳይተነፍስ ጌታው አይጎርስ!»