ፊታውራሪ ያልሰሙት ተረት

በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ ይህን አታምኑኝም! ፊታውራሪ ጓንጉል ያልሰሙት ተረት በምድር ላይ አልነበረም። እሳቸው እንደሚሉት፣ በእናታቸው ሆድ ሳሉ የተወራ እንኳ አላመለጣቸውም። ተረተኛ ጠርተው «አዲስ አምጣ» ይሉና፣ ገና አፉን ሲከፍት «ሰምቼዋለሁ!» ይላሉ። አጋፋሪያቸው ይመኑም ከኋላ ሆኖ «ሰምተነዋል!» እያለ ያስተጋባል።

አንድ ቀን የአንድ ቀልደኛ ገበሬን በሬ «ማሳዬን ረገጠ» ብለው ወሰዱበት። ሰውየው አቤት ሊል ግብር አዳራሽ ሲገባ ሣቁበት።

«ማንም ያልሰማው ተረት ካወራህ በሬህን ንዳ። አለዚያ ለዛሬ ግብር ይታረዳል» አሉት።

ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። በቀረው በአንድ በሬ መቼም አይታረስ!

«ጌታዬ፣ ተራራ የሚያህል ክንፋም ዘንዶ ነበረ...»

«ሰምቼዋለሁ!»

«ሰምተነዋል!»

«ዘንዶው ጥርሱን ታመመና፣ ለስላሳ ነው ብሎ ደመና ሲያኝክ...»

«እሱንም ሰምቼዋለሁ!»

«ኧረ ስንቴ ሰምተነዋል!»

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ከጓሮ ቢላዋ ሲሳል ይሰማል። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው አንድ ትልቅ ጌታ ነበሩ። የድሀ በሬ ወሰዱ። ከዚያ አዘኑና፣ በሬውን ራሳቸው እየነዱ እስከ ደጁ መለሱለት። ይቅርታም ጠየቁት።»

ፊታውራሪ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ አጋፋሪ ይመኑ ለጌታው ክብር ተቆጥቶ ቀደማቸው፦

«ዝም በል፣ አንተ ቀጣፊ! እንዲህ ያለ ጌታ እንኳን በአገር፣ በተረትም ተሰምቶ አይታወቅ!»