ለበሬዋ ሲል ያገባት

አንድ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ነበር፤ ደምለው ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና በየዓመቱ ከጎረቤቱ ከአያ ዘለቀ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ የሁለቱን በሬዎች እያጣመሩ በየተራ ያርሱ ነበር። ደምለው ግን ተራ መጠበቅ አንገሸገሸው። ከወንዝ ማዶ ከአባቷ አንድ በሬ የወረሰች አስካለ የምትባል ልጅ እንዳለች ሲሰማ፣ ጊዜ ሳያጠፋ ሽማግሌ ላከ! አገባትና አያ ዘለቀን «ከእንግዲህ በሬህን ለራስህ! እኔ ጥማድ ሞልቶልኛል» አለው። አገሩ ሁሉ «ደምለው በሬ አገባ» እያለ ሲስቅ እሱም አብሮ ሳቀ።

ዝናቡ በጣለ በሦስተኛው ቀን አንድ በሬ ሞተ። የማን መሰላችሁ? የደምለው!

ጉድ ፈላ! መሬቱ ርሷል፤ ሳምንቱ ካለፈ ዘር የለም፣ ዘር ከሌለ ረሃብ ነው። ደምለውን ግን ሌላ ነገር አስጨነቀው። «የሷ ቢሞት ኖሮ እኔ ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን ያውቀዋል፤ ወደ አባቷ አገር ይመልሳት ነበር።

ጠዋት ሲነሳ አስካለም በሬዋም የሉም። ወደ አባቷ አገር የሄደች መስሎት ጭቃው ላይ ዱካቸውን እየተከተለ ሮጠ። ዱካው ግን ወንዙ ጋ ሳይደርስ ወደ አያ ዘለቀ ማሳ ታጠፈ። እዚያ ሁለት በሬዎች ተጠምደው ቆመዋል፤ አስካለ ቀንበሩን ታስተካክላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት እያለከለከ።

«ዛሬ የሱን፣ ነገ የኛን እናርሳለን። አያ ዘለቀን ለምኜ እሺ ብሎኛል። አንተማ አፍረህ አትለምነውም!»

«እኔ እኮ ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነው። ያገባሁሽ ለበሬሽ ነበር፤ ያንቺ ቢሞት…»

«አውቃለሁ። በሠርጋችን ቀን ፊቴን ሳታይ የበሬዬን ጥርስ ነው ያየኸው።»

«እያወቅሽ ለምን አገባሽኝ?»

«ከማዶ ሆኜ አይህ ነበር። ከእርሻ ስትመለስ እህል ሳትቀምስ የበሬህን ጫንቃ ቅቤ ትቀባ ነበር። ለበሬ የሚያዝን ሰው አንድ ቀን ለእኔም ያዝንልኛል ብዬ ነዋ!»

ደምለው ዕርፉን ጨበጠ። የዚያን ቀን የአያ ዘለቀን ማሳ እንደ ራሱ አድርጎ አረሰው።

ወዳጆቼ፣ ጥቅም አይቶ ማግባት አዲስ ነገር አይደለም። ጥፋቱ ያገባነውን ሰው ከጥቅሙ አሳንሶ ማየት ነው። ጥቅም ይሞታል፤ ያን ቀን የሚተርፈን ያገባነው ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ በሬያችሁ ቢሞት፣ የትዳር ጓደኛችሁ ዱካ ወዴት የሚያመራ ይመስላችኋል? የእናንተስ?