እጁ ላይ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጅ

አንድ ሰው ነበረ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እጀ ፈጣን።

ተቀመጥ ደምሰው፣ ቆመህ አትስማኝ። «ተቀይማኝ ከቤት የወጣች ልጄን በምን ልመልሳት?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ ጥያቄህን አልረሳሁም። ከሁለት ዓመት በላይ ናፍቆቷ ምን እንዳደረገህ ፊትህ ላይ አያለሁ። መልሱን ግን በዚህ ሰውዬ በኩል ነው የምነግርህ። በቀጥታ ብነግርህ ትከራከረኛለህ።

ይህ ሰው ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። መረብም ታንኳም የለውም፤ ያለው ክርና መንጠቆ ነው። ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ዳር ይቀመጣል፤ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ገና ነካ ሲያደርገው መንጭቆ ያወጣዋል። ቆሮሶ ቶሎ ነክሶ ቶሎ የሚሄድ ዓሣ ስለሆነ፣ እጁ የዘገየ ሰው ባዶውን ይገባል። የዚህ ሰው እጅ ግን አይዘገይም። የሐይቁ ሰዎች «የሱ እጅ ከዓሣው ቀድሞ ያስባል» ይሉት ነበር። ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ማንንስ ደስ አይለው።

ሚስቱ ታመመች። ክረምቱን ሙሉ ተኛች፤ በሽታው ለቀቅ ቢያደርጋትም የምግብ ፍላጎቷ አልተመለሰም። ገንፎ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፣ እርጎ ሲሰጧት ሳትቀምስ ታስቀምጠዋለች። የሚወዳት ሚስቱ ዓይኑ እያየ እያለቀችበት ሄደች። አንድ ቀን ጠዋት ግን፣ «ያን ጊዜ ወንድሜ ቤት የበላነው ካርፕ ትዝ አለኝ፤ የሱን መረቅ ባገኝ እጠጣ ነበር» አለች። ምግብ በስሙ ስትጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ መስማቱ ነው! ሰውዬው መንጠቆውን ይዞ ሲወጣ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ችግሩ፣ ካርፕ እንደ ቆሮሶ በየዳሩ አይገኝም። ትልቅ፣ አፉ ዳር ጢም ያለው፣ ጭቃ እየማሰ የሚበላ ዓሣ ነው፤ በዚያ ሐይቅ ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ባለመረቦቹም የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። ሰውዬው መንጠቆው ላይ ትል ሰካ፤ ትንንሽ ዓሦች ቦጭቀው ጨረሱበት። ሊጥ በማር ለውሶ ሰካ፤ ሊጡ ውኃ ውስጥ ሟሟ። ብዙ ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። በሩ ሲከፈት ሚስቱ ቀና ብላ እጁን ታያለች። ፊቱን አይደለም፣ እጁን ነው የምታየው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ከድካሙ ሁሉ ይልቅ ይህ ነበር አንጀቱን የሚበላው።

ሐይቁ ዳር የወፍጮ ቤት ጆንያ የምታጥብ አንዲት ባልቴት ነበረች። ትሉንም ሊጡንም ስታይ ሰንብታ አንድ ቀን አላስችል አላት።

«አንተ ሰው፣ ካርፕ ከሆነ የምትፈልገው የበቆሎ ንፍሮ አምጣ» አለችው። «እኔ ጆንያ ሳራግፍ ፍሬው የሚወድቅበት ቦታ ውኃው ከሥር ይፈላል። እነሱ ናቸው፣ ጭቃውን እየማሱ። የንፍሮው ቆዳ ጠንካራ ነው፣ ትንንሾቹ አይቦጭቁትም። ግን መጀመሪያ መንጠቆ የሌለበት ስጣቸው። ቦታውን ይልመዱት።»

ሰውዬው ሰማት። በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ አንድ እፍኝ ንፍሮ እዚያው ቦታ ላይ እየበተነ፣ ክር ሳይጥል ይመለስ ጀመር። ሰባት ቀን እንዲህ አደረገ። ሚስቱ ቤት ውስጥ እየከሳች፣ እሱ ምግብ ለዓሣ እየበተነ! ለናፋቂ ሰው ይህ ቀላል እንዳይመስልህ። በስምንተኛው ቀን ውኃው ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አየ። አንዲት ፍሬ መንጠቆው ላይ ሰክቶ ጣለ። ብዙም አልቆየ፣ ጣቱ ላይ ነካ አደረገው። እጁ መነጨቀ።

የወጣው ባዶ መንጠቆ ነው። ውኃው ደፈረሰ፣ አረፋው ጠፋ፤ ዓሦቹ ለብዙ ቀን ወደዚያ ቦታ ዝር አላሉም።

እንደገና አበላቸው። እንደገና መጡ። እንደገና ነካ ሲያደርገው እንደገና መነጨቀ። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። በዚያ ቀን ቤት ሲገባ ሚስቱ እጁን ለማየት ቀና አላለችም።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ባልቴቲቱ አየችው። ጆንያዋን ጥላ መጣች።

«ምን አጠፋሁ፣ እናቴ? ያልሽኝን አደረግኩ፤ መጡልኝ እኮ!»

«እጅህ ነው» አለችው። «ቆሮሶ ይነክሳል። ይሄኛው ግን መጀመሪያ ይቀምሳል። አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ይተፋዋል፣ ፈንጠር ብሎ ይቆይና ደግሞ ይመጣል። አንተ ገና ሲቀምስ ትመነጭቀዋለህ።»

«መታገሥ እንዳለብኝ አጥቼው አይደለም። ክሩ ሲነካ የታመመችው ሚስቴ ትመጣብኛለች። እጄ እምቢ ይለኛል።»

«እንግዲያው ተቀመጥበት!» ብላው ወደ ጆንያዋ ሄደች።

መቼም ቀልዳ ይሆናል። እሱ ግን የምሯን መሰለው። ምን ትስቃለህ ደምሰው? ሲጨንቀው ሰው ምን የማያደርገው አለ? ዓሦቹን መልሶ እስኪያለምድ ድረስ አበላና፣ አረፋው በወጣ ቀን ንፍሮውን ሰክቶ ጣለ፤ የክሩን ጫፍ ጉቶ ላይ አሰረ፤ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው።

ክሩ ነቅነቅ አለ። ቀኝ እጁ ከሥሩ ተንፈራገጠ፤ ጫን ብሎ ተቀመጠበት። ክሩ ደግሞ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ረገበ። ጭራሹን ዝም አለ። «ሄደ፤ በገዛ እጄ ለቀቅኩት» ብሎ አሰበ፤ ሚስቱ ወደ ግድግዳው ስትዞር ታየችው፤ እንባው ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም፣ ተቀምጦበታል። እንዲያ ሆኖ ጠበቀ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። በመጨረሻ ክሩ፣ ምንም ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሄድ ጀመረ። ዓሣው አምኖ ይዞት እየሄደ ነበር። ሰውዬው ያን ጊዜ ተነሣ።

መረቁን ሠርቶ አቀረበላት። ሦስት ማንኪያ ጠጣችና «ጨው አንሶታል» አለች። ሰውዬው ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ስለ ጨው አያማርርም።

እንግዲህ ደምሰው። ልጅህ ዓሣ አይደለችም። ዓሣ የሚያዘው ሊበላ ነው፤ ስለዚህ ዓሣውን ተወውና ሰውዬውን ያዝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልትለኝ ነው» ካልክ፣ እሷን ተረት ልጆችም ያውቋታል፣ ለሷ ብዬ ይህን ሁሉ አልደክምም። ያ ሰው ችኩል አልነበረም። ስንት ቀን ንፍሮ በትኗል። ያጠፋበት ዕድሜ ልኩን ያበላው እጅ ነው። አንተም ሱቅህን ያቆምከው፣ ገበያውን የቀደምከው በዚያ ዓይነት እጅ ነው። ገበያ ላይ መልካም ነው።

ቅድም የነገርከኝን መልሼ ልንገርህ። ሁለት ዓመት ዝም ያለች ልጅ ባለፈው ፋሲካ ደወለችና «አባዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው?» አለችህ። አንተ ምን አልካት? «ነገውኑ ነይ፣ አልጋሽ ተነጥፏል፣ በግ አስሬ እጠብቅሻለሁ!» ስልኩ ተዘጋ። ለእንቁጣጣሽ በእህትህ በኩል ሰላምታ ላከችልህ። አንተ ሦስት ሽማግሌ አስከትለህ ደጇ ድረስ ሄድክ። ልጅቷ ቤት ቀየረች። አየህ? ናፍቆትህ ክፉ ነው አልልህም፤ ያንን ያህል ባትናፍቃት ወደ እኔም አትመጣም ነበር። ነገር ግን ልጅህ ስትደውል ገና መመለሷ አልነበረም። አባቷ አሁንም ያው መሆን አለመሆኑን ቀምሳ ልታይ ነበር፤ አንተ ያው ሆነህ ጠበቅካት።

«ታዲያ ዝም ልበል ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ዝም አትበል። በበዓል በበዓሉ ሰላምታ ላክላት፤ ከኋላው ጥያቄ የሌለበት ሰላምታ። መልሳ ልትደውል ትችላለች። ላትደውልም ትችላለች። እኔ ነቢይ አይደለሁም፤ ሁሉን በደንብ አድርጎ ባዶ እጁን የገባ አጥማጅም አውቃለሁ። ከደወለች ግን፣ «ጤናህ እንዴት ነው?» ስትልህ፣ ስለ ጤናህ ንገራት። ጉልበቴን ያመኛል በላት። ከዚያ እሷ እስክትናገር ጠብቅ።