«ወንድሜ ሳቀ»

ጨው የሰረቀች ልጅ ለምን እንደሰረቀች ስትጠየቅ «ወንድሜ ሳቀ» ብላ ብትመልስላችሁ፣ ምን ትሏታላችሁ?

አንዲት መምህርት ይህ መልስ ሲመጣባት ትርጉሙ ጠፋባት። በአሜሪካ ምዕራብ፣ ናቫሆ በሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ምድር፣ በአንድ የክርስቲያን ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ከተማሪዎቿ የብዙዎቹ ቤት የታመሰ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ማን ሳይበላ መጣ? ማን ተመትቶ አደረ? ማን ኮት የለውም? ሐሳብ እንቅልፍ የነሳት ሴት ናት።

አንድ ቀን የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የዘጠኝ ዓመቷን ሻንዲንን እጇን ይዛ ክፍል አስገባቻት። ከኪሷ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ጭብጥ ጨው ወጣ።

«ለምን ወሰድሽ?»

ሻንዲን መሬት መሬት እያየች፣ «ወንድሜ ሳቀ» አለች።

«እየቀለድሽብኝ ነው?»

ልብ በሉ፤ ክፍሉ አልሳቀም። አንድም ልጅ አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እሱ እኮ...» ብላ ስትጀምር፣ መምህርቷ «አንቺን ማን ጠየቀሽ!» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ክፉ ሴት ነበረች? አልነበረችም። ፈርታ ነው። ዛሬ ጨው፣ ነገስ? የሻንዲን እናት ጠጥታ ከቤት ከወጣች ሳምንት አልፏታል፤ ልጅቷም በዚያው መንገድ ብትቀርስ? ስለዚህ ለልጅቷ አስባ፣ አዎ፣ ለልጅቷ አስባ፣ ጨዉን በሁሉ ፊት ወደ ወጥ ቤቱ የጨው ዕቃ አስመለሰቻት። ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ትምህርት ተለጥፏል፤ ስለ ምድር ጨው ነበር።

በማግስቱ ሻንዲን አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ሳምንት ሲሞላ መምህርቷ ቤቷ ድረስ ሄደች።

ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹ «ማሳኒ» ብለው የሚጠሯቸው አያትየው የሻንዲንን ሕፃን ወንድም ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሻንዲን ጥግ ይዛለች።

«ይህ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ስቆ አያውቅም ነበር» አሉ ማሳኒ። «ምን አይቶ ይሳቅ? እሷ ናት፣ ካልሲዋን ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ ያሳቀችው። በእኛ ዘንድ ድግሱን የሚደግሰው ሕፃኑን መጀመሪያ ያሳቀ ሰው ነው። ሕፃኑን ይዞ፣ በሕፃኑ እጅ ለመጣው ሁሉ ጨው ያድላል። ልጁ ሲያድግ እጁ እንዳይቋጠር።»

«እና ጨው ቤት...»

«አልነበረም። እኔን እግሬ አያወጣኝም። ያን ቀን ጎረቤት ጠርታ ነበር፤ አራት ሰዎች መጥተው እዚህ ተቀመጡ። ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠበቁ። ባዶ እጇን መጣች። ሄዱ።»

«አሁኑኑ ሄጄ አመጣለሁ! ሁሉንም እኔ አመጣለሁ፣ ሰዎቹን እንጥራ...»

«የመጀመሪያ ሳቅ አንዴ ነው» አሉ ማሳኒ።

መምህርቷ ወደ ጥጉ ዞረች። «ሻንዲን፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

የመለሱላት አያትየው ናቸው። «ነግራዎት ነበር እኮ።»

እናንተ ለልጅ የምታስቡ፣ ለልጅ የምትፈሩ፣ በር ላይ ቆማችሁ መንገድ መንገድ የምታዩ! እናንተን እጠይቃለሁ። ፍርሃታችሁ ጆሮ አለው? ባለፈው ሳምንት «አትመልሺልኝ!» ብላችሁ ያቋረጣችሁት ቃል መጨረሻው ምን ነበር? ታውቃላችሁ? እኔ የራሴን አላውቅም።

እግዚአብሔር ይቅር ይላል። ያለፈውን ቀን ግን ማን ይመልስላችኋል? እነዚያ አራት ሰዎች እንደገና ይቀመጣሉ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት፣ «ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» በሉ። ይህችን ብቻ በሉ። ከዚያ ብትቆጡም ተቆጡ።

መምህርቷስ? እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። ሻንዲን ተነሳች። ሕፃኑን ከአያቷ ጉልበት አንስታ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ሕፃኑ በትከሻዋ በኩል መምህርቷን ትክ ብሎ ተመለከታት፤ አልሳቀም። ሻንዲን በተዘረጋው እጅ አጠገብ አለፈች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።