ደብሪቱና የገዛ ዕቃዋን የምታማው ጥርኝ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ኧረ ይሄ የጉንዳን ድምፅ ነው! ጮክ በሉ!

«የመሰረት!!»

እንዲያ ነው እንጂ! አሁን ጣራው ተነቃነቀ።

በድሮ ጊዜ፣ ጨረቃ ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ ደብሪቱ የምትባል የጸጉር ቅቤ ሻጭ ነበረች። ቤቷ ከመጥበቡ የተነሳ እሷ ስትገባ ጥላዋ ውጭ ይቀራል። ቅቤዋ ግን ጉድ ነው! ለጋውን ቅቤ በአደስና በጠጅ ሳር ታሸዋለች። በመጨረሻ የጤፍ ፍሬ የምታህል ዝባድ ጣል ታደርግበታለች። ዝባድ ማለት ጥርኝ ከምትባል የዱር እንስሳ የሚገኝ ሽቶ ነው። ያንን ቅቤ የተቀባች ሙሽራ ስታልፍ አህያ እንኳ ጭነቱን ረስቶ ይከተላታል።

ንግሥቲቱም የሚቀቡት የደብሪቱን ቅቤ ነበር። ልጃቸው ትንሿ ወለላ የምትተኛው አፍንጫዋን እናቷ ጸጉር ውስጥ ቀብራ ነው። አንድ ቀን ንግሥቲቱ ታመው ሞቱ። ወለላን እንቅልፍ እምቢ አላት። ዓይኗ እንደፈጠጠ ቀረ። ከመክሳቷ የተነሳ ነፋስ ሲነፍስ ሞግዚቶቿ ቀሚሷን ይዘው ያስቀሯት ነበር።

ንጉሡ ደብሪቱን አስጠሩ።

«የእናቷን ቅቤ አምጪላት። ከተኛች የጠየቅሽው ይሰጥሻል። ካልተኛች ግን ከአገሬ ውጪ!»

«እሺ ጃንሆይ» አለች። ዝባድ ያቀርቡላት የነበሩት ሽማግሌ ግን ከሞቱ ሰንብተዋል። አንዲት ጭላፊ እንኳ የላትም። የልጅቷ ዓይን ከፊቷ አልጠፋ እያለ ወደ ገበያ ወጣች።

መጀመሪያ ያገኘችው አያ ቀበሮን ነው። ጥምጣሙ ከመተለቁ የተነሳ ርግብ ጎጆ ሠርታበታለች። ዝባዱን እንደ ደንቡ በከብት ቀንድ ሞልቶ ይዟል።

«አሽትቺው እመቤቴ! እንከን የለውም!»

አሸተተችው። ደስ ይላል። ግን ስንጥር አንስታ እስከ ቀንዱ ጥግ ሰደደችና አወጣችው። ከላይ ዝባድ፣ ከሥር ሞራ!

«ይሄስ ምንድነው አያ ቀበሮ?»

«አንቺ ደግሞ ሥሩን ምን አስነካሽ! ሰው የሚያሸተው አፉን ነው!»

ትታው ሄደች።

ቀጥሎ ጭራቅ መንገድ ዘጋባት። ጥርሱ ማረሻ ያህላል። የቤት ቁመት ያለው ጋን ተሸክሟል።

«የእኔን ዝባድ ትገዣለሽ፣ አለዚያ እበላሻለሁ! እንከን የለውም!»

«እገዛለሁ እንጂ ጌታዬ፤ ጋኑን በሙሉ! ግን እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ነጋዴ ራሱ ተቀብቶ ካላሳየ ገበያው ምን ይላል? እስቲ ይቀቡና ፀሐይ ላይ ጥቂት ይቀመጡልኝ።»

ጭራቅ ሙገሳ ሲሰማ ይቀልጣል። ጋኑን አናቱ ላይ ደፋው። ፀሐይዋ በረታች። ለካ ዝባድ ብሎ የያዘው ማርና ሰም ኖሯል! በጆሮው፣ በአፍንጫው ይንዠቀዠቅ ጀመር። የአገሩ ንብ ሁሉ መጣ። የጎረቤት አገር ንብም ሰምቶ መጣ። መሄድ ያቃተው ሽማግሌ ንብ እንኳ በልጁ ጀርባ ታዝሎ መጣ። ጭራቁ «ኡኡ!» እያለ ሮጠ። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመም።

ደብሪቱ ባዶ እጇን ተመልሳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ አንዲት ባለነጠብጣብ ጥርኝ ትንሽ ቀንድ በአፏ ይዛ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች። ቀንዱን አስቀመጠችና፣

«እትዬ፣ የምን ለቅሶ ነው?» አለቻት።

«ዝባድ አጥቼ።»

«እኔ አለኝ። ግን ልንገርሽ፣ ዛሬ ይከረፋል። ጥቂት ብቻ ጣል አድርጊና እስከ ነገ ቀትር ታገሺው፤ ያኔ ነው የሚጥመው። ደግሞ ክረምት ላይ ብዙ አላመጣም። ካጣሁ አጣሁ እልሻለሁ እንጂ ሞራ አልጨምርበትም።»

ደብሪቱ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«ኧረ አንቺ! የገዛ ዕቃውን የሚያማ ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ!»

«ነገ አንቺው ደርሰሽበት ከምትቀየሚኝ ብዬ ነዋ!»

ደብሪቱ ስንጥሯን ሰደደች። ከአፍ እስከ ሥር አንድ ነው። ስታሸተው ግን ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ማዶ ያለ በሬም አነጠሰ! ቢሆንም እነዚያ እንከን የለውም ብለዋት ነበር፤ ይቺ ግን እንከኑን ራሷ ነገረቻት። አመነቻት። ከዝባዱ ጥቂት ቅቤው ላይ ጣል አደረገችና አሳደረችው።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ የንጉሡ መልክተኛ በሩን ደበደበ።

«ቶሎ በይ! ንጉሡ ተቆጥተዋል!»

ቅቤውን አሸተተችው። አሁንም ይከረፋል! ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ጥርኟ እስከ ቀትር ብላኛለች። አልነቃነቅም!»

ቀትር ሲሆን ሽታው ተለወጠ። ደብሪቱ ቅቤውን የገዛ ጸጉሯን ተቀባችና ቤተ መንግሥት ገባች። ወለላን እቅፏ ውስጥ አስቀምጣ ጎንበስ አለችላት። ልጅቷ አፍንጫዋን ጸጉሯ ውስጥ ቀበረች።

«እማ…» አለች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ። በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት!

ንጉሡ ጫማቸውን አወለቁ። ዘበኞቹ በእግር ጣታቸው ሄዱ። አውራ ዶሮው ጩኸቱን ዋጠው።

«ምን ልስጥሽ?» አሉ ንጉሡ በሹክሹክታ።

«በአገሩ ጥርኝ የሚያጠምድ እንዳይኖር ይዘዙልኝ።»

ንጉሡ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ… ኹርርር! ለካ ንግሥቲቱ ከሞቱ ወዲህ እሳቸውም አልተኙም ነበር።

እና ልጆች፣ ዕቃ የሚያቀርብላችሁ ሰው ስትፈልጉ እንከኑን ቀድሞ የሚነግራችሁን ምረጡ።

ተረቴ እዚህ ጋ ጋደም ብላለች። በእግር ጣታችሁ ውጡ፤ ንጉሡን እንዳትቀሰቅሱብኝ!